እምቢተኛው ቁጥር

መምህሩን ስትሮክ መትቶት ንግግሩ ሲዘጋ ከዚያ ሁሉ ቃል አንዲት ብቻ ተረፈችለት፤ «እሺ»። ይሄ ቀልድ ካልሆነ ምን ይባላል! ዕድሜውን ሙሉ እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው ነበር እኮ። ርእሰ መምህሩ ቢለምነው፣ ወላጅ ሽማግሌ ቢልክበት፣ ሚስቱ ነፍሷን ይማርና ጠዋት ማታ ብትነዘንዘው መልሱ «ለምን ሲባል?» ነበር። ተማሪ በግማሽ ነጥብ ሲወድቅበት ዓይኑ እያየ ይጥለዋል እንጂ ግማሿን አይጨምርለትም። አሁን ውሃ ልስጥህ ሲሉት እሺ፣ አልጠማህም አይደል ሲሉት እሺ፣ መስኮቱ ይዘጋ እሺ፣ ይከፈት እሺ። እህቱ እታለም መጀመሪያ ሰሞን አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ሳቀች፤ ከዚያ በሳቋ አፍራ እንደገና አለቀሰች።

እታለም የሚለውን ስም ያወጣችላት የመምህሩ ልጅ ናት፣ ገና አፏን ስትፈታ። ሰፈሩም ወደደው፣ ፋብሪካውም ወደደው፣ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ጠፋ። የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች፤ ጨርቁን አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው ሲያነጥፉላት፣ ከላይ በጠመኔ የተሰመረውን ተከትላ በኤሌክትሪክ መቁረጫ የምታወርደው እሷ ናት። እዚያ ሥራ ላይ እጅ ካመለጠ የስንቱ ሰው ሸሚዝ ባንዴ ገደል ይገባል፤ የሷ እጅ እስከ ጡረታዋ አላመለጠም። አላገባችም። ጠያቂ አጥታ እንዳይመስላችሁ፤ የሚመጣውን ሁሉ እየመለሰች ነው። ወንድሟ ሚስቱ ስትሞት ሻንጣውን አንጠልጥሎ «ለጥቂት ቀን ነው» ብሎ እሷ ጋ ገባ፤ ያ ጥቂት ቀን አላልቅ ብሎ ሁለቱም አረጁበት።

ቤቷ ከመስታወት ቆራጩ ሱቅ በላይ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ሰው ብቻ የሚያዞር ወጥ ቤት። ወደ ታች የሚወርደው ደረጃ ቀጥ ያለና መደገፊያ የሌለው ነው። መምህሩ ከሆስፒታል የተመለሰ ቀን አራት ጎረምሳ ተሸክሞ አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣም። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የምታነሳው እታለም ናት፤ ወገቧ በዚሁ ጦስ እየተቆለፈ አንዳንድ ጠዋት ካልጋዋ የምትወርደው በደረቷ ተንፏቃ ነው። ይህን ለማንም አልነገረችም።

ዱሮ ቤቱ ጭቅጭቅ በጭቅጭቅ ነበር። ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ፣ ሬዲዮኑን ማን ነካው፣ መነጽሬን የት ወሸቅሽብኝ። እታለም ያኔ «ምነው አንድ ቀን ዝም ባለልኝ» ትል ነበር። አሁን ዝም ብሎላታል። ከመስኮቱ አጠገብ እንጨት እጀታ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ ታች መስታወት ሲሰበር ይሰማል፤ ደግሞ ዝም። ሰው ፊቷ ተቀምጦላት ብቻዋን ሆነች። እንዲህ ያለው ብቸኝነት ሰው ከሌለበት ቤት ይከፋል፤ ለራሷ ስትናገር እንኳ ታፍራለች።

ልጁ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ባልና ሦስት ልጆች አሏት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ በየማታው ትደውላለች። ደጋግማ የምታነሳው ግን አባቷን ልውሰደው የሚለውን ነው። ቤቷ ምድር ላይ ነው፣ ግቢ አለው፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይገፋበታል፣ የሚያነሳው ጉልበተኛ ባል አለ። እታለም መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች፤ ኋላ ተቆጣች። ወንድሜ ቤቱን ያውቃል፣ ወንበሩን ያውቃል፣ እኔን ያውቃል፣ ምን ብዬ እንደ ዕቃ አስጭነዋለሁ? ስትል ልጅቱ በለሆሳስ፣ አባዬ የት እንዳለ እኮ አያውቅም፣ ያም ቤት ይሄም ቤት ለሱ አንድ ነው፣ አንቺ ግን አለቅሽ፣ አለቻት። አንቺም አብረሽን ነይ ብላ ለምናታለች። እታለም በሰው ቤት አላረጅም ብላ አፏን ዘግታባታለች፤ ኩራቷ እንዲሁ ነው፣ ማንም አላስተዋትም።

በመጨረሻ ልጅቱ ቅዳሜ በመኪና እመጣለሁ ብላ ቁርጡን ነገረቻት።

«እታለም ሙቺ» አለቻት በስልክ፤ «እሱ ራሱ እዚህ ልቅር ብሎ ቢነግረኝ በሩን ዘግቼልሽ እመለስ ነበር። ግን እሺ ብቻ ነው የሚለው። ምኑን ልስማው?»

እታለም ስልኩን ዘግታ ወንድሟን አየችው። «ልትሄድ ነው?» ስትለው እሺ አላት። «ልትቀር ነው?» ስትለው እሺ አላት። ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ድስት እንደገና አጠበች። እሱ ከሄደ ከዚያ ወንበር በቀር የሚጠብቃት ነገር እንደሌለ ታውቃለች፤ ጨው በዛ ይላት የነበረ፣ በስሟ ይጠራት የነበረ፣ ልጅ ሳለች ምን ትመስል እንደነበር የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው እሱ ነው።

አሁን የግራ እጁን ነገር ልንገራችሁ። ደህና የቀረችው እጁ ያቺ ብቻ ነበረች፤ ሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ የወንበሩን እጀታ ኳ ኳ ኳ ታደርጋለች። ታርፋለች፣ ኳ ኳ፣ ታርፋለች። እታለም በሽታው ነው ብላ አዘነች። ልጅቱም ሐኪሙን ጠይቃ የነርቭ ነገር ነው፣ እየቆየ ይተወዋል አለኝ ብላ ነገረቻት። እየቆየ ግን ባሰበት። ድምፁ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አላስተኛ ሲላት፣ ፎጣ አጥፋ ከእጁ ስር አነጠፈችለት። ከዚያ ወዲህ እጁ ፎጣው ላይ ድምፅ ሳታሰማ ትነሳለች ትወድቃለች። እሷም እፎይ አለች። እግዜር ያሳያችሁ፣ እፎይ አለች!

በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት ፎጣውን አጥባ አስጥታዋለች፤ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። እጁ እንጨቱን መታ መታ አድርጋ ተወችው፤ ከዚያ ተዘረጋችና የእታለምን የእጅ አንጓ ያዘች። እሷ ቢላዋውን አስቀመጠች። መዳፏን ገልብጦ በጣቱ ጫፍ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገው። ቆየት አለ። ከዚያ ጣቱን በመዳፏ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎተተው።

እታለም ደርቃ ቀረች። መጎተት ዜሮ ነው።

ልጆች ሳሉ አባታቸው ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ሌሊት ይጋግራል፣ ቀን ይተኛል። ቤቱ አንድ ክፍል፣ መሐሉ ላይ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እንቅልፉን ካወኩት ቀበቶ የሚያነሳ አባት። እናታቸው እንኳ የስፌት መኪናዋን ቀን ቀን አትነካም። ኮሽ የማይባልበት ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ምን ይጫወቱ? ወንድም ጋሼ፣ እሷ እስካሁን እንዲህ ነው የምትለው፣ አንድ ጨዋታ ፈጠረ። አንዱ ባንዱ መዳፍ ላይ ቁጥር ይጽፋል፤ ለአንድ አንድ ጊዜ ጠቅ፣ ለዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ ጠቅ፣ ለዜሮ ጣትን መጎተት። ተቀባዩ ቁጥሩን ይሰብራል፤ ማለትም ስንት በስንት ተባዝቶ እንደመጣ ፈልጎ መልሱን በመዳፍ ይመልሳል። ዘጠና አንድ ሲሉት ሰባትና አሥራ ሦስት። እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ፤ ሳቅ ሲመጣባቸው ትራስ ነክሰው።

የቆርቆሮ ቁጥር፣ የቁልፍ ቁጥር፣ የክብሪት ፋብሪካ ቁጥር፣ እቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰበሩ። አንድ ብቻ እምቢ አላቸው። የእናታቸው ስፌት መኪና ጎን ላይ በተለጠፈች ትንሽ የናስ ታርጋ ላይ የተቀረጸ ነው፤ 1022117። አንድ ሚሊዮን ሃያ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት። ጎዶሎ ነው፣ ሁለት አያካፍለውም። አሃዞቹ ሲደመሩ አሥራ አራት ናቸው፣ ሦስትም አያካፍለውም። በሰባት ሲሄዱበት አምስት ይተርፋል፤ በአሥራ ሦስት ሲሄዱበት እሱም አምስት ይተርፋል። ወንድም ጋሼ ከአሮጌ መጽሐፍ የቀደደው ገጽ ነበረው፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የሌለ፣ ብቸኛ የሚባሉት ቁጥሮች እስከ አንድ ሺህ ተደርድረውበታል። እነሱን በሙሉ ከሞከርን ይበቃል አላት፣ ሌላው ሁሉ ከነዚህ ነው የሚሠራው። ተካፍለው ያዙት፤ እሱ ትልልቆቹን፣ እሷ ትንንሾቹን። ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው አታስታውስም፣ የመጨረሻውን ግን ታስታውሳለች። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት፤ ቀሪው መቶ ዘጠና ሁለት። አለቀ። ገጹም አለቀ፣ ቁጥሩም አልተነካም።

እሷ ናት እምቢተኛው ያለችው። አሥር ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሷ ሆነ። ሲገርፏት በልቧ እምቢተኛውን ትቆጥራለች። አድጋ ሽማግሌ ሲላክባት፣ ፋብሪካው ውስጥ አለቃዋ እጇን ሲጎትት፣ በኋላ ደግሞ የምትወደው ሰው ሌላ አግብቶ ሲመጣ፣ ለወንድሟ የምትለው አንድ ነው፤ «እኔን የሚያካፍለኝ የለም።» እሱም ዝም ይላል። ለሁሉ ነገር መልስ ያለው ሰው እዚያ ላይ ሲደርስ ዝም ነበር፤ አልገረማትም።

አሁን እጁ ቀጠለች። ሁለት። ሁለት። አንድ። አንድ። ሰባት።

እታለም ድንቹን ከጭኗ ላይ አፈሰሰችው። ነርቭ ነው የተባለው፣ በፎጣ ያፈነችው እጅ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሁለቱ ብቻ በሚያውቁት ቋንቋ ሲጠራት ኖሯል። «ወይኔ ወንድም ጋሼ!» አለችና መዳፉን ስባ ግንባሯ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ያን ሁሉ ጨርቅ በቆረጠችበት እጇ ቁጥሩን መልሳ ጻፈችለት፤ እዚህ ነኝ ለማለት።

እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና እንደገና ያዛት። አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ። እጁን ጨበጠ፣ ዘረጋ። አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሦስት።

ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም። ለካ ቁጥሩ በደመ ነፍስ የመጣ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቅዠት ነው አለች። እሱ ደገመው። አሁንም ሳይገባት ሲቀር ፊቱን አኮሳተረና ጠንከር አድርጎ ደገመው፤ ያ ፊት፣ ሰሌዳ ፊት ለፊት ቆሞ ለደነዘዘ ተማሪ የሚያሳየው ፊት። እታለም ያን ፊት ስታየው ተነስታ ከመሳቢያዋ የልብስ ጠመኔ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ጻፈች። አንድ ሺህ ዘጠኝ በአንድ ሺህ ሲባዛ፣ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ ሺህ። በአሥራ ሦስት ሲባዛ፣ አሥራ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት። ደመረቻቸው።

አንድ ሚሊዮን ሃያ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት።

እምቢተኛው ተሰበረ። ቁጭ ብላ አየችው። ገጹ አንድ ሺህ ላይ አለቀ እንጂ ቁጥሩ አንድ ሺህ ላይ አላለቀም ነበር። ሺህ በሺህ ሚሊዮን ነው፤ የነሱ ቁጥር ከሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ ከሺህም ጥቂት አለፍ ማለት ነበረባቸው። አንዲት ቁጥር ነበረች የቀረቻቸው፣ አንዲት ብቻ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ፤ ከገጹ ጫፍ ቀጥላ የምትመጣው። የአሥራ አራት ዓመቱ ወንድም ጋሼ ጥቂቷን ናቃት፤ ሂሳብ አስተማሪው ወንድም ጋሼ ደግሞ አውቆ ደበቃት። መቼ እንዳወቀ ማን ይንገራት? የመምህራን ማሠልጠኛ ሲገባ ይሆናል። እሷ እኔን የሚያካፍለኝ የለም እያለች አንገቷን ቀና ስታደርግ፣ እሱ በልቡ አንድ ሺህ ዘጠኝ እያለ ዝም ብሏታል። ለተማሪ ግማሽ ነጥብ የማይጨምር ሰው ለሷ ሲል ይሄን ሁሉ ዘመን ስህተቱን ሳያርም ኖረላት።

ንዴት መጣባት መጀመሪያ። ክንዱን ቆነጠጠችው። ሞኝ አድርገኸኝ ኖርክ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ አብረኸኝ በላህ ጠጣህ ብላ ወረደችበት። እሺ አላት። ያኔ ሳቋ መጣ፤ እሱም ባንድ ጎን አፉ ሳቀ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ድንች መሐል ተቀምጠው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሰው የተኛ ይመስል ድምፃቸውን ውጠው ሳቁ። እንደዚያ ያለ ከሰዓት ከብዙ ዓመት ወዲህ አልነበራትም።

ያን ቀን ቁጥሮቹን ከጠረጴዛው ላይ አላጠፋችም። ዞር ብላ ታያቸዋለች። ሁለቱም ራሳቸው የማይሰበሩ ናቸው፤ መካከላቸው ያሉትን መረመረች። አንድ ሺህ አሥር በዜሮ ያልቃል፣ ይሰበራል። አንድ ሺህ አሥራ አንድን ሦስት ያካፍለዋል። አንድ ሺህ አሥራ ሁለትን ሁለት ያካፍለዋል። ስለዚህ በሁለቱ መሐል ሌላ እንደነሱ ያለ የለም፤ ጎን ለጎን ናቸው። እታለም ታዲያ ምን አለች? እኛ ነን አለች። ለብቻው የቆመ አንድ ነው ያልኩት ለካ ሁለት ኖሯል፤ ወንድም ጋሼ ሊለኝ የፈለገው ይሄንኑ ነው፣ አትለይኝ ማለቱ ነው። ሰው የናፈቀውን ነገር ቁጥር ውስጥ ማየት ከጀመረ ማን ይመልሰዋል! ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ወገቧ እንኳ ለቀቃት። ለልጅቱ በስልክ ምንም አላለቻትም፤ መጥታ በዓይኗ ትይ ብላ።

ቅዳሜ ልጅቱ ከነተሽከርካሪ ወንበሩ መጣች። መኪናው ታች ቆሟል፣ ሁለት የሚሸከሙ ሰዎችም ሱቁ በር ላይ ይጠብቃሉ። እታለም ሻይ አቀረበችና ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻት። ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጠመኔ ጽሑፍ አየች፣ አክስቷን አየች፤ ዓይኗ ውስጥ እዝነት ነበር። እታለም ገባት፤ እሷንም አእምሮዋን ነካ አድርጓታል ብላ ነው። ስለዚህ ራስሽ ፈትሺው አለቻት፤ እኔ የማላውቀውን ጠይቂው፣ እኔ ወጥ ቤት እገባለሁ።

ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ልጅቱ መዳፏን ስትሰጠው፣ ዝግ ባለ ድምፅ ስትጠይቀው ይሰማታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስንተኛው ቀን ላይ ነው የተወለድኩት የሚል መሰላት። ሁለተኛውን አልሰማችውም። ትንሽ ቆይቶ «አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ!» ስትል ሰማቻት፤ አባቷ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያመላልሳት የነበረበት አውቶቡስ መሆን አለበት፣ እታለም ስለሱ የምታውቀው የለም። ከዚያ ልጅቱ ስታለቅስ ተሰማ፤ የትልቅ ሰው ሳይሆን የልጅ ልቅሶ ነው። «አባዬ፣ እዚሁ ነህ እንዴ? እዚሁ ነበርክ እንዴ?» ትላለች ደጋግማ። እታለም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ምድጃውን ተደገፈች። አመሰግንሃለሁ አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቀው።

ስትመለስ ልጅቱ ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች። ቃሌ ቃል ነው፣ እሱ የሚለውን እሰማለሁ፤ ሰዎቹንም ማሰናበት ካለብኝ አሰናብታለሁ አለች። እንዴት እንደምትጠይቀው ግን ፈራች። እታለም ምን አስፈራሽ ብላ እሷው ቀረበች። ወንበሩ ፊት ቆመች፤ መቀመጥም አላስፈለጋት፤ መልሱን ጠረጴዛው ላይ ጽፋ ስታየው ከርማለች።

«ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ከኔ ጋ ከሆነ አንድ ጊዜ፤ ከልጅህ ጋ መሄድ ከሆነ ሁለት ጊዜ» አለችና መዳፏን ዘረጋችለት።

መምህሩ ወደ መስኮቱ አየ፤ ከዚያ ወደ ልጁ። እታለምን ግን ረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አያት። ጣቱን አነሳ።

አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገ። እታለም ፈገግ ማለት ጀምራ ነበር፤ ጣቱ ተመልሳ ሁለተኛ ጠቅ ስትል ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

ታች መስታወት ቆራጩ ለሰዎቹ የሆነ ቀልድ ነገራቸው መሰለኝ፣ ሲስቁ ተሰማ። ልጅቱ «እታለም…» ብላ ጀመረች፤ እታለም በእጇ ዝም አሰኘቻት። ልቧ አንድ ነገር ይዟል። ይሄ ሰው ለሁሉም እሺ እያለ ነው የከረመው፤ ምናልባት የመጨረሻውን ቃል ብቻ ይሆናል የሰማው፣ ሁለት ስላልኩ ሁለት ብሎ ይሆናል። ሂሳብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ አይታመንም። ገልብጣ ልትጠይቀው ቆረጠች።

«አሁን ቀይሬዋለሁ፣ ስማኝ» አለችው፤ ጎንበስ ብላ ፊቱን እያየች። «ከልጅህ ጋ መሄድ አንድ ነው። እዚህ ከኔ ጋ መቅረት ሁለት ነው።»

መዳፏን ሰጠችው። በሕይወቷ ማንንም እንዲህ ለምና አታውቅም፤ ሽማግሌንም፣ አለቃንም፣ ትቷት የሄደውንም አልለመነችም። አሁን በልቧ አንዲት ጣት ሁለት ጊዜ እንድትወርድ ለመነች።

ጣቱ አንድ ጊዜ ወረደች። ከዚያ እጁን ከመዳፏ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አሳረፈው፤ እንዳይሳሳቱበት።

«ለምን?» ልትለው አፏ ተከፈተ። ግን «ለምን» በጣት አይመለስም። በዚያ ደረጃ መውረድ፣ ፀሐይ ማየት ናፍቆት ይሆን? የልጅ ልጆቹ ይሆኑ? ወይስ ጠዋት ጠዋት በደረቷ ተንፏቃ ስትወርድ በተከፈተው በር ሲያያት ከርሟል? አንዱን መርጣ ልትይዝ ፈለገች፣ አልሆነላትም። እሱ ዓይኑን አልሰበረም፤ እንባው ባንድ ጎን ብቻ ይወርዳል። እታለም በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።

ልጅቱ አልወስደውም፣ ሌላ ጊዜ እንነጋገር፣ ይቅር ማለት ጀመረች። እታለም ቀና ብላ አየቻት።

«ጠየቅነው፣ መለሰልን» አለቻት። «ገልብጠንም ጠየቅነው። ልክ ነው።»

ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ለማውረድ ወደ ክፍሉ ገባች። ልጅቱ ላግዝሽ ብላ ስትነሳ፣ ተይው፣ የሱን ሸሚዝ አስተጣጠፍ አታውቂበትም አለቻትና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።